የፈረሰኛው ጠመንጃ

ከሾኔ ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ፣ የከተማው ቤት አልቆ እንሰቱ በሚጀምርበት ቦታ፣ ሰማያዊ የተቀባ የሲሚንቶ መቃብር አለ። ፊት ለፊቱ ላይ ቀይ ፈረስ የሚጋልብ ሰው ተሥሎበታል። ሰውየው ነጭ ባርኔጣ አድርጎ፣ በቀኝ እጁ ጠመንጃ ወደ ሰማይ አንሥቷል። ከፈረሱ ኮቴ ሥር አንበሳ ይሸሻል። አንበሳው ትንሽ በመሆኑ ድመት ነው ብለው የሚከራከሩ አልጠፉም፤ ጠመንጃውን ግን ጠመንጃ አይደለም ያለ ሰው የለም። ሰዓሊው በሌላው ሁሉ ቢደክም በጠመንጃው አልደከመም። የሚኒባስ ረዳቶች ቦታውን ፌርማታ አድርገውት «ፈረሰኛው ጋ ወራጅ አለ?» እያሉ ይጮኻሉ።

በዚያ አገር ለሞተ ሰው ያላደረገውን መሣል እንደ ውሸት አይቆጠርም፤ ክብር ነው። በሕይወቱ አህያ ያልነበረው ሰው በመቃብሩ ላይ ፈረስ ይጋልባል። ጥንቸል ያልገደለ አንበሳ ያባርራል። ቤተሰቡ ሰዓሊውን ጠርቶ «ምንም እንዳይጎድልበት» ይለዋል፤ ሰዓሊውም አያጎድልበትም። ስለዚህ ማራኪ የምትባል የባደዋቾ ሴት፣ ባሏ ዘካርያስ በ1965 ዓ.ም. ሲሞትባት፣ የአገሯ ሰው የሚያደርገውን አደረገች። ችግሩ ዘካርያስ የአገሯ ሰው አለመሆኑ ነበር። ጣሊያን ነበር።

ለሾኔ ሰው ዘካርያስ ወፍጮኛ ነው። ከወራሪው ጦር ጋር መጥቶ፣ ሌሎቹ ሲሄዱ የቀረ፤ ማራኪን አግብቶ በናፍታ የሚሠራ ወፍጮ የተከለ፤ ሀዲይኛን እንደ ባላገር የሚናገር፣ ከጢሙ እስከ ጫማው ዱቄት የለበሰ ሰው። እንዴት እንደቀረ አጥብቆ የጠየቀ አልነበረም። አንድ ልጁን ትርፊትን ግን ልጆች «የሶላቶ ልጅ» እያሉ ከትምህርት ቤት እስከ ቤቷ ይሸኟት ነበር። አድጋም ገበያ ስትወጣ ቃሉ ከኋላዋ አልጠፋም። ያ ሥዕል ከቆመ በኋላ ነው ስድቡ ቀስ በቀስ የቀረው። ፈረስና ጠመንጃ ያለበት መቃብር ያለው ሰው እንግዳ ሊባል አይችልማ!

ትርፊት ይህን አልረሳችም። አሁን ዕድሜዋ ወደ ስልሳ ተጠግቷል፤ ባሏ ሞቶ፣ ከመቃብሩ አጠገብ ትንሽ ሻይ ቤት ከፍታ ትኖራለች። በየማለዳው ሻይ ቤቱን ከመክፈቷ በፊት የመቃብሩን ዙሪያ ትጠርጋለች። ጠመንጃው ላይ የሸረሪት ድር ያደራ እንደሆነ በእጇ ትጠርገዋለች። የአባቷ መልክ በዓመታት ውስጥ ደብዝዞባታል፤ ጠመንጃው ግን አልደበዘዘም። ትወደው ነበር። ጥፋቱም የመጣው ከዚህ ፍቅር ነው።

ልጇ ሆሴዕ በ1993 ዓ.ም. ከሰሜን ግንባር አካሉ ሙሉ ሆኖ ተመለሰ። አብሮት የሄደው የጎረቤት ልጅ ኤሊያስ አልተመለሰም። ሁለቱ በአንድ ምሽግ ጎን ለጎን ነበሩ። ሆሴዕ የዚያን ቀን ነገር ያወራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለእናቱ፣ ምሳ ቀርቦ ሳለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

«ከፊቴ የመጣው ልጅ ነው» አለ። «ጢም እንኳ ያላበቀለ። ጣቴ ቃታው ላይ ነበር። አልተኮስኩም፣ እማ። ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ኤሊያስ ወደቀ። የወደቀው በዚያ ልጅ ጥይት ይሁን በሌላ አላውቅም። እስከ ዛሬም አላውቅም።»

ትርፊት በዚያች ሰዓት ምን ማለት ይገባት እንደነበር በኋላ ብዙ አስባዋለች። ያለችው ግን ሌላ ነው። ተነሥታ በሩን ከፈተችና ወደ መቃብሩ ጠቆመች።

«ያን ታያለህ? አያትህ ነው። በእሱ ፊት እንዴት አድርገህ ትወጣለህ? እንዴት አድርገህ ትገባለህ?» አለችው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ሆሴዕ ምሳውን ሳይነካ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከጓሮ፣ እንሰቱ መሃል ባለው የአያቱ የድሮ ወፍጮ ቤት ማደር ጀመረ። እርሻውን ያርሳል፤ ውኃ ይቀዳላታል፤ እንጨት ይፈልጥላታል፤ ግን አብሯት አይበላም። ወደ ከተማ ሲወጣም በመቃብሩ ፊት አያልፍም፤ አጥሩን ዞሮ በጎረቤት ማሳ በኩል ነው የሚወጣው። የሰፈሩ ሰው ወሬውን ከሌሎች ተመላሾች ሰምቶ ነበርና፣ ማሳ ለማሳ ሲሄድ ባየው ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። የኤሊያስ አባት አቶ ወልደሰንበት ከመንገዱ ማዶ ይኖራል። በየቀኑ ትርፊት ሻይ ቤት መጥቶ አንድ ሻይ ይጠጣል፤ ስለ ሆሴዕ ጠይቆ አያውቅም።

በዚያ ዘመን የሆሳዕናና የሾኔ ወጣት በሞያሌ በኩል ደቡብ አፍሪካ መሄድ ጀምሮ ነበር። የደረሱ ነበሩ፤ መንገድ የበላቸውም ነበሩ። በ1995 ኅዳር ትርፊት ከሻይ ጠጪዎች ወሬ ሰማች፤ የደላላው መኪና ቅዳሜ ማለዳ ይመጣል፤ ከሚሄዱት አንዱ ሆሴዕ ነው። የሰማችው እንደማንኛውም ሰው ነው። የገዛ ልጇን መሄድ ከባዳ አፍ! ሄዳ ልትጠይቀው ፈለገች፤ ግን ምን ብላ? እሷው ናት በሩን የዘጋችው።

በዚያው ሳምንት ሰኞ፣ አሳምነው የሚባል ከባህል ጽሕፈት ቤት የመጣ ወጣት ሻይ ቤቷ ገብቶ ሻይ ሳያዝዝ ቆመ።

«ወይዘሮ ትርፊት፣ አባትዎ ማን እንደሆኑ ያውቃሉ?»

«ወፍጮኛ ናቸዋ» አለች፣ ብርጭቆ እያጠበች።

«ገጣሚ ናቸው! ዛካሪያ ካስታኔሎ። ጣሊያን አገር ስማቸውን የማያውቅ የለም። ልጆች በትምህርት ቤት ግጥማቸውን በቃል ያጠናሉ፤ በስማቸው የተሰየመ መንገድም አለ። የሞቱበትን ሠላሳኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ አንዲት ፕሮፌሰር እየመጡ ነው። ሐሙስ ቦታውን ያያሉ፤ ቅዳሜ ደግሞ የእብነ በረድ ጽሑፍ ይቆማል፤ ባለሥልጣናት ከሆሳዕና ይመጣሉ።»

ትርፊት ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። አባቷ ወፍጮውን ካጠፋ በኋላ በር ላይ ተቀምጦ፣ በእርሳስ እየጻፈ፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። ቀርባ ስታይ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ዝም በይ ይላታል። እናቷ «ተይው፣ ለእህቱ ደብዳቤ እየጻፈ ነው» ትላለች። የተጻፈው ሲጠራቀም ወደ አገራቸው ለሚሄዱ የሚሲዮን ቄስ ይሰጣቸዋል። ያ ሁሉ ግጥም ኖሯል? ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት። ሆሴዕ ቢሰማ ብላም አሰበች፤ ትልቅ ሰው ከሆነ አያት ዘር መሆኑን ቢሰማ ምናልባት አይሄድም። ሰው ሲጨንቀው የሚያስበው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ሐሙስ ዕለት በቡላና በቅቤ የሚሠራውን አተካና አዘጋጅታ፣ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ ጠበቀች። ፕሮፌሰሯ ኤሌና ይባላሉ፤ ፀጉራቸው የሸበተ አጭር ሴት ናቸው። ኃይለሚካኤል የሚባል አስተርጓሚ ከአዲስ አበባ ይዘው መጥተዋል። አቶ ወልደሰንበት እንደ ልማዱ በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ያማስላል። ፕሮፌሰሯ ከመኪናው ወርደው ወደ መቃብሩ ሄዱ፤ ፈረሰኛውን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ። እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። ለአስተርጓሚው የሆነ ነገር ተናገሩ፤ እሱም መሬት መሬት አየ።

«ምን አሉ?» አለች ትርፊት።

«ይህን ጠመንጃ ማን ሰጣቸው? ነው የሚሉት።»

«እናቴ ናታ ያሣለችለት። ያምራል፣ አይደለም?»

ኃይለሚካኤል ጉሮሮውን ጠረገ። የፕሮፌሰሯን ንግግር እየጠበቀ፣ ቃል እየመረጠ ነገራት። ዛካሪያ ካስታኔሎ በተራራ መንደር የተወለደ የደወል ደዋይ ልጅ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜው ለወታደርነት ተይዞ ወደዚህ አገር ተላከ። አንድ ቀን ብላቴ ወንዝ ዳር የተማረኩ ገበሬዎች በተርታ እንዲቆሙ ተደረገ፤ እሱና ጓደኞቹ እንዲተኩሱ ታዘዙ። ዛካሪያ ጠመንጃውን ወንዙ ውስጥ ጣለና በወንዙ ውስጥ አልፎ ሄደ። ከኋላው ተኮሱበት፤ ሳቱት። በዚያ ማታ የአንድ የባደዋቾ ገበሬ በር አንኳኳ። ገበሬው የማራኪ አባት ነው፤ ወራሪው ጦር እስኪወጣ ድረስ እንሰት ውስጥ ደበቀው። በአገሩ ስሙ ከሃዲ ተብሎ ተጻፈ፤ እናቱም ያንን ስም ሰምታ ሞተች። ግጥሞቹን እህቱ ደብቃ ያዘች፤ የታተሙት እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

«ፕሮፌሰሯ የሚሉት» አለ ኃይለሚካኤል፣ «በአገራችን የሚወደዱት በዚህ ነው ነው። ጠመንጃውን ጥሎ የሄደው ሰው ነው የምንላቸው። አሁን እዚህ መጥቼ በእጃቸው ጠመንጃ ሳይ...»

«ወዲያ!» አለች ትርፊት። ደም ፊቷ ላይ ወጣ። «አባቴን ፈሪ ልትሉት ነው ባሕር ተሻግራችሁ የመጣችሁት? ይሄ አገር የሚያውቀው ሌላ ነው! ይኸው፣ ዓይን ያለው ይየው!»

አቶ ወልደሰንበት ሻዩን ሳይጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ለፈሪ ሜዳ አይነሡትም ይባላል» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «ለካስ ዘሩ ከዚያ ነው።» ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ።

ትርፊት እዚያው ደረቀች። ሠላሳ ዓመት የተጠረገው መቃብር በአንድ ቃል ተገለበጠባት። ነገ ገበያው ሁሉ ይሰማል። «የሶላቶ ልጅ» እንደገና ይመጣል፤ ያውም «የፈሪ ሶላቶ ልጅ» ሆኖ። ፕሮፌሰሯ ደንግጠው ክንዷን ያዟት፤ ከቦርሳቸው መጽሐፍ አውጥተው ለአስተርጓሚው ሰጡት። እሱም እየተደናቀፈ፣ መጀመሪያ በልቡ እያነበበ፣ ከዚያ በአማርኛ አለው፦

«ጠመንጃዬን ለብላቴ ሰጠሁት፤
ውኃው የማነው ሳይል ወሰደልኝ።
ባዶ እጄን ይዤ በጨለማ መጣሁ።
እዚህ አገር በር የሚከፈተው ለሚያንኳኳ ነው፤
ጠመንጃ የያዘ እጅ ደግሞ አያንኳኳም።
ማነህ አላሉኝም።
ግባ፣ በርዶሃል አሉኝ።»

 ያኔ ከአጥሩ ወዲያ፣ ከእንሰቱ ውስጥ፣ ድምፅ መጣ።

«ድገመው።»

ሆሴዕ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አይታወቅም። የሚታየው ግንባሩና በአጥሩ እንጨት ላይ ያረፈ እጁ ብቻ ነው። ኃይለሚካኤል ትርፊትን አየና እንደገና አነበበው፤ አሁን ሳይደናቀፍ። ሲጨርስ አጥሩ ላይ ያለው እጅ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ የእንሰቱ ቅጠል ተንቀሳቀሰ፤ ልጁ ሄደ።

በማግስቱ ትርፊት ሻይ ቤቱን ዘግታ ሾኔ ገበያ ወረደች። ሳዲቅን ፈልጋ ነው። ሳዲቅ መቃብር ይሥላል፤ ሞት በሌለበት ሰሞን የፀጉር ቤትና የሥጋ ቤት ታፔላ ይጽፋል። ፈረሰኛውን ሲሥል ወጣት ነበር፤ አሁን ሽበት ጀምሮታል። መሰላል ላይ ቆሞ የበሬ ቀንድ እየቀባ አገኘችው። ውረድ አለችው፤ ወረደ።

«እናቴ ያን ጠመንጃ ስታሥልህ ምን አለችህ?» አለችው።

ሳዲቅ ብሩሹን በጨርቅ ጠረገ።

«ወሬው ደረሰ መሰለኝ፣ እትዬ» አለ። «እኔ ልማዴ መጠየቅ ነው። ፈረስ ነበራቸው? አልኳቸው። ብስክሌት ነበረው አሉኝ። ግድ የለም፣ ፈረስ እናደርገዋለን አልኩ። ጠመንጃስ? ስላቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ቆይተው ‹ነበረው፤ ጣለው› አሉኝ። ‹ጥሎት ባይመጣ አባቴ በሩን አይከፍትለትም ነበር፤ እኔም ባል አላገኝም ነበር። የወደድኩት በዚያ ነው። ግን ይህን ለሾኔ ሰው ማን ይናገርልኛል? ልጄን የሶላቶ ልጅ እያሉ አሳቀቋት፤ አሁን ደግሞ የፈሪ ልጅ ይበሏት? ሣልለት፤ ትልቅ አድርገህ ሣልለት› አሉኝ። ያን ቀን እያለቀሱ ነበር። እኔም ልጅ ነበርኩ፤ እንባቸውን አይቼ ነው እንደዚያ የተጨነቅኩበት። ከዚያ ወዲህ እንደሱ ያለ ጠመንጃ ሥዬ አላውቅም።»

ትርፊት የሥጋ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ጠመንጃው ለእሷ ነው የተሣለው። እናቷ የወደደችውን ነገር ቀብራ፣ የማትወደውን ያቆመችው ለልጇ ብላ ነው። እሷ ደግሞ ያንኑ ጠመንጃ አንሥታ በገዛ ልጇ ላይ ደገነች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንደሷ ያለች ሴት ነው። አለቀሰች፤ ገበያተኛ እያያት።

«ኖራ ይዘህ ና» አለችው በመጨረሻ። «ዛሬውኑ። ጠመንጃውን አጥፋልኝ።»

«እትዬ! ሙት ይገፈፋል እንዴ?» አለ ሳዲቅ፣ ከልቡ ደንግጦ። «እጁ ወደ ላይ ተነሥቶ ባዶ ሲሆን የሚለምን ይመስላል። እሺ፣ ጦር ላድርግላቸው? እሱም ካልሆነ ከዘራ? መጽሐፍ? ገጣሚ ነበሩ አይደል?»

«ባዶ ይሁን።»

«በባዶ እጅ ፈረስ የሚጋልብ ሰው ሥዬ አላውቅም።»

«አሁን ትሥላለህ» አለችው።

ከገበያ ስትመለስ በቤቷ በር አልገባችም፤ ቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ አለፈች። ከዚያች ምሳ ወዲህ እዚያ ደጃፍ ደርሳ አታውቅም። ሆሴዕ ከድሮው የወፍጮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ እግሩ ሥር አንድ ቦርሳ ተዘጋጅቷል። ሲያያት ተነሣ። አስተዳደጉ ክፉ አይደለም፤ ተቆጥቶም ለእናቱ ይነሣል።

«ልትሄድ እንደሆነ ሰምቻለሁ» አለች። «አልከለክልህም፤ የምከለክልበት አፍ የለኝም። አንድ ነገር ነግሬህ ልሂድ። ያን ቀን በአያትህ ስም ሰደብኩህ። አያትህ ግን እንዳንተ ነው። አንተ ነህ እሱን የምትመስለው፤ እኔ አይደለሁም። ልጄ ከሞት አምልጦ ሲመጣልኝ እግዚአብሔርን ማመስገን ሲገባኝ፣ ሲሚንቶ ላይ በተሣለ ጠመንጃ አባረርኩት። ይቅር በለኝ፣ ልጄ። አሁን ካልቻልክም በኋላ።»

ሆሴዕ ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ሲመልስ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ኤሊያስ ግን ሞቷል፣ እማ። አያቴ ጠመንጃውን ሲጥል አጠገቡ የወደቀበት ጓደኛ የለም። ግጥሙ ስለዚያ ምንም አይልም።»

 ትናንት ብትሆን ትርፊት አንድ ነገር ፈጥራ ትናገር ነበር።

«አይልም» አለች። «እኔም አላውቅም። ይህን አብሬህ አለማወቅ ብቻ ነው የምችለው።»

ሆሴዕ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከግንባር ከመጣ ወዲህ ሲያለቅስ ያየችው ያን ቀን ነው። ሄዳ አቀፈችው፤ ወፍጮ ቤቱ አሁንም የአሮጌ ዱቄት ሽታ ነበረው።

ከሰዓት በኋላ ሳዲቅ የኖራ ባልዲ ይዞ መጣ። መቃብሩ ፊት ቆመ፤ ብሩሹን ነከረ፤ አነሣ፤ መልሶ ነከረ። ኖራው እየተንጠባጠበ ጫማው ላይ ፈሰሰ።

«እጄ እምቢ አለኝ» አለ። «ሰው የሠራውን እንዴት...»

ከኋላው እርምጃ ሰማ። ሆሴዕ ነው፤ በአጥር ዞሮ ሳይሆን በሻይ ቤቱ በር፣ በመንገዱ በኩል፣ ሰው ሁሉ እያየው መጣ። ከመንገዱ ማዶ አቶ ወልደሰንበት ደጁ ላይ ቆሟል። ሆሴዕ አየው፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣው። ሽማግሌው አልመለሰም፤ ግን ወደ ቤቱም አልገባም። ሆሴዕ ብሩሹን ከሳዲቅ እጅ ወሰደና ከአፈሙዙ ጀመረ፤ ወደ ታች፣ እስከ ሰደፉ ወረደ። ሲጨርስ ሰማያዊው ላይ አንድ ነጭ መስመር ቀረ፤ የፈረሰኛው እጅ ዱቄት የነካው መሰለ። አንበሳው እንደ ድሮው ይሸሻል፤ ከምን እንደሚሸሽ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያውቅ የለም።

ቅዳሜ ማለዳ ትርፊት አልጋዋ ላይ ሆና የመኪና ጥሩንባ ሰማች። አልተነሣችም፤ ሄዳ ብታይ ልትይዘው እንደሚቃጣት ታውቃለች። መኪናው ደግሞ ነፋ። ከዚያ ሞተሩ ወደ ሐዋሳ መንገድ እየራቀ ሄደ። ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፤ መጥረጊያዋን ልታነሣ ስትል ከቦታው አጣችው። በሩን ስትከፍት ሆሴዕ የመቃብሩን ዙሪያ እየጠረገ ነበር።  ገብታ ለሁለት ሰው ቁርስ አቀረበች።

ያን ዕለት ባለሥልጣናቱ መጡ፤ መዘምራን ዘመሩ፤ የእብነ በረዱ ጽሑፍ ተገለጠ። አሳምነው ከሁሉ በላይ አላበው። ፕሮፌሰሯ ነጩን መስመር ሲያዩ የተጻፈ ንግግራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ግጥሙን ብቻ አነበቡ፤ ኃይለሚካኤልም ተከተላቸው። ከሕዝቡ ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ሙት ገፈፉ ያሉም ነበሩ። አቶ ወልደሰንበት ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ «ጠመንጃዬን ለብላቴ ሰጠሁት» ሲባል ተነሥቶ ሄደ። የወቀሰው የለም። ልጁ ኤሊያስ መቃብር እንኳ የለውም።

ኖራ በዘይት ቀለም ላይ አይጸናም። ሳዲቅ ይህን ያውቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልተናገረም። የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍ ጠመንጃው ተመልሶ ብቅ አለ፤ መጀመሪያ አፈሙዙ፣ ከዚያ ቃታው። የሾኔ ሰው ለዘመን መለወጫው ለያሆዴ ቤቱን ኖራ ሲቀባ፣ ሆሴዕ ከባልዲው ተርፎ የቀረውን ይዞ ወጣና ሸፈነው። በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ወጣ፤ እንደገና ሸፈነው። እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። ረዳቶቹ አሁንም «ፈረሰኛው ጋ ወራጅ አለ?» ይላሉ። አንድ ዓመት ደግሞ በያሆዴ ዋዜማ፣ ሆሴዕ ሲወጣ ከአጥሩ ላይ የተቀመጠ ግማሽ ጆንያ ኖራ አገኘ። አቶ ወልደሰንበት ወደ ቤቱ ሲመለስ ጀርባውን አየ። ሰላም አላለም፤ ዞሮም አላየም።

ትርፊት ያን ቀን በር ላይ ወንበር አውጥታ ልጇን ታየው ነበር። እርጅናው ተጭኗታል፤ ዓይኗም ደክሟል። ጠመንጃው ግን ታያት፤ ጥቁር ሆኖ፣ ከነቃታው።

«ምን አደከመህ፣ ልጄ?» አለችው። «ሳዲቅ በመሮ ፈልፍሎ አንድ ጊዜ ያጥፋልህ። ሲሚንቶ በላዩ ይለስንበትና ይገላግልሃል።»

ሆሴዕ ብሩሹን የወልደሰንበት ኖራ ውስጥ ነከረ።

«ተይው፣ እማ» አለ። «አያቴ አንድ ጊዜ ጣለው። እኔ በየዓመቱ ነው የምጥለው።»

ከዚያ እንደ ልማዱ ከአፈሙዙ ጀመረ።